የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ከጠባሴ

ማዕረጌ ረጅም ነው፣ ከወንበሬ ይሰፋል፤
«የአዳዲስ ቴክኖሎጂ አስተባባሪ» ይጻፋል፤
በር ላይ ሲለጥፉት ቦታው አንሶት፣ ተሰብሮ፣
«አስተባባ» ከላይ፣ «ሪ» ከታች ተቀብሮ።

ማኅበሩ የሱፍ ነው፦ ባለ ፋብሪካ፣ ሸማኔ፣
ሠላሳ ስምንት አባል፤ የማልከፍል አንድ እኔ።
መዋጮ በስድስት ወር፣ ጭቅጭቅ በየሳምንቱ፣
የበሬሳ ውርጭ ደግሞ ማለዳ በመስኮቱ።

ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ ስላይድ ይዞ መጣ፤
«ሽግግር» ሲል ዋለ፤ አባሉ ሻይ ጠጣ።
አቶ ጥሩሰው ተኙ፤ ወይዘሪት ናርዶስ ጻፈች፣
«ሽግግር ከምን ወደ ምን?» ብላ ሰውዬውን አሳፈረች።

ኅዳር ላይ ማሽን ደረሰ፣ በሣጥን፣ በገለባ፣
እንደ ሙሽራ ሻንጣ ሰው ከቦት የገባ።
ሱፍ በካሜራ ያያል፣ በደረጃ ይመድባል፣
«አንደኛ»፣ «ሁለተኛ»፣ «እድፍ» እያለ ያነባል።
አቶ አሰግደው ዞሩት፣ እንደሚገዙት በሬ፣
ጥርሱን ፈልገው አጡ፤ «መብራት ሲጠፋስ፣ እንደ ዛሬ?»
እውነትም ጠፍቶ ነበር። ሪባኑ ተቆረጠ፣
ማሽኑ በጨለማ ዐይኑን እንዳፈጠጠ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ የሞላሌ ሱፍ መዳቢ፣
ሠላሳ ዓመት በጣታቸው፣ ዐይን ጨፍነው አንባቢ፣
አምስት ሺህ ቁራጭ ሱፍ አንድ በአንድ አስተማሩት፦
«ይኼ የጠቦት አንገት፤ ይኼ ከጭኑ የሸለቱት፤
ይኼ ዝናብ የመታው፤ ይኼ የከሳች በግ ነው፤
ይኼስ ለሕፃን አልጋ፤ ንኪው እስቲ፣ ትንፋሽ ነው።»
አንድም ቀን አልጠየቁኝ፣ «ሲመረቅስ የኔ ነገር?»
እኔም አልነገርኳቸው፤ በጀቱ ላይ አልነበር።

ጥር ላይ ተፈተነ። የመንዝ ሱፍ ተከመረ፤
ነጩን በወጉ አየው፣ ቡላውንም ሞከረ፤
ጥቁሩ ጋ ሲደርስ ግን፣ ያ ለበርኖስ የሚመረጥ፣
«እድፍ» አለ። «እድፍ» አለ፣ ምላሱ ሳይንቀጠቀጥ።

ጥፋቱ የኔ ነበር፦ ለመብራቱ ይመቻል ብዬ
ናሙናው ነጭ ይሁን ያልኩ፣ መመሪያውን ተከትዬ።

«አትፍረጂበት፣» አሉኝ፣ «ያላሳዩትን ማን ያውቃል?
ጣቴ ሦስት ወር ሙሉ ጥቁሩን ይጠብቃል።»
«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» ስል፣ ሱፉን እየዘረዘሩ
«የጠየቅሽኝን መለስኩ፣» አሉ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ።

አቶ አሰግደው በማግስቱ ማሽኑን እጅግ ወደዱት፤
«እድፍ» ያለውን ሱፍ በእድፍ ዋጋ ሊወስዱት።
«እኔ ምን አገባኝ? ቴክኖሎጂ ነው ያለው!» እያሉ፣
የመሐል ሜዳ ገበሬዎች ከነጆንያቸው በር ላይ ሳሉ።

ያኔ ነው ሶኬቱን የነቀልኩ፤ በዕቅዱ ያልነበረ፤
ካስተባበርኩት ሁሉ እሱ ብቻ ነው የሠመረ።

አሁን ሪፖርት ልጽፍ ነው። መሽቷል። ጣቴ ደንዝዟል፤
ከአባላት አንዱ የሠራው ብርድ ልብስ ትከሻዬን ይዟል።
«ያጋጠመ ችግር» ይላል ቅጹ፤ «ብርሃን» ብዬ ጻፍኩ፤
ማነሱ ይሁን መብዛቱ፣ ለአንባቢው ለይ ብዬ ተውኩ።
«ቀጣይ እርምጃ» ይላል፤ አንድ መስመር ጨመርኩ በጀት፦
«መምህርት በለጥሻቸው፦ ደመወዝ፣ ማሞቂያ ለጣት።»

ያጸድቁት ይሆን? አላውቅም። ቦርዱ ሐሙስ ይሰበሰባል።
ሳይሸጥ ባደረው ጆንያ ላይ፣ ከአፉ በተረፈው ጥቁር ሱፍ፣
ከደጅ፣ ነጭ ውርጭ ያብባል።