የጃንግቡ በር

ምንጩ የእኛ ነበር፤
ከዳንዳ ጉብታ፣ ከዋርካው ሥር የሚፈልቅ፣
በጋ ከክረምት የማይደርቅ።
የታችኛው መንደር ሴቶች የመዳብ ገንቦ አዝለው፣
አርባ ሰባት እርከን በጨለማ ወጥተው፣
ይሰለፉ ነበር ማለዳ፤
እኛም እናስጠብቃቸው ነበር፣ ውሃ እንደሌለው እንግዳ።

አንድ ቀን ሴርማያ ተራዋ ደርሶ ጎንበስ ስትል፣
ገንቦዋን በእግሬ ገፋሁት፤ «ቆዪ፣ ልብሳችን ይታጠብ» ስል።
ተንከባሎ ሄደ። ተከትላ አነሣችው፣
አቧራውን በጉልበቷ ጠረገችው፣
ምንም አላለችኝም።
ቢያንስ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልረገመችኝም።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።
(ቅዳሜ በመሆኑ ልጆቻችን ይኸው አሉ፤
የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ወንበሮቹ ላይ ሲቀመጥ፣ እነሱ ድንች ማሳ ዋሉ።)
ለቀትር ጥቂት ሲቀረው ውሻው በድንገት ዝም አለ፤
ተራራው እንደ ጭነት በቅሎ ትከሻውን ነቀነቀ፣ የተሸከመውን ጣለ።
ድንጋይ በጭቃ ለስነው አያቶቻችን የካቡት፣
ለብርድ ነበር እንጂ ለዚህ ቀን አላሰቡት።

አቧራው ገለጥ ሲል ሰው በስም ይጠራራል፤
መልስ የሰጠ ይቆጠራል፣
መልስ ያልሰጠ በእጅ ይቆፈራል።
ጃንግቡ ከበቆሎው እርሻ እየሮጠ ደረሰ፤
ሴርማያ ምድጃው ዘንድ ነበረች፤ ጥፍሩ እስኪነቀል ማሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ምንጫችን ቀጠነ፤
መጀመሪያ እንደ ጣት፣ ኋላ እንደ ክር፣ ኋላ ጭቃ ብቻ ሆነ።
ላማው ጸለየ፤ ጎረምሶች ቆፈሩ፤ ቧንቧ የጫኑ ሰዎች
ለክተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ፤ ቀሩ ባዶ ገንቦዎች።

ወሬው የመጣው ከታች ነው፦
«ውሃ ፈልቋል፣ ከሴርማያ ምድጃ!»
የማን በረከት፣ የማን ፍርጃ?

መሐንዲስ መጣ፣ ቢጫ ቆብ ያጠለቀ፣ ቅጽ የያዘ።
«ቤት፦ ሙሉ በሙሉ የፈረሰ።
ውሃ፦ አንድ ምንጭ።» ቀጥሎ ብዕሩ ፈዘዘ።
«አገልግሎት» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ጃንግቡን ቀና ብሎ አየው፤
ጃንግቡም «ሰው ይኖርበታል» አለው።

ግድግዳ የለም። ጣሪያ የለም።
ጃንግቡ ግን መዝጊያውን ከፍርስራሹ ፈልቅቆ፣
ሁለት መቃን ተከለለት፣ በድንጋይ አጥብቆ።
በአራቱም ማዕዘን መግባት ይቻላል፤ ፍየሎች እንደልባቸው ይገባሉ፤
ሰዎች ግን በበሩ ያልፋሉ፣
አንኳኩተው፣ ጫማ አውልቀው፣ «ቤቶች» ይላሉ።

እኔ ብዙ ቀን ቆየሁ። የዝናብ ውሃ አጠራቀምኩ፤
ከጎረቤት ተበደርኩ።
ልጄ ላክፓ ሲያተኩሰው ግን ገንቦዬን አዝዬ ወረድኩ፤
እርከኑ ስለተናደ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ በቂጤ እየተንሸራተትኩ።

አንኳኳሁ።
«ማን ነው?» አለ፣ በግልጽ እያየኝ፣ በማይከልል በር ማዶ።
ስሜን ነገርኩት። ድምፄ ወጣ እንደ በረዶ።
«ግቢ» አለ። «እዚህ ተራ የለም።»

ውሃው ትንሽ አመድ አመድ ይላል።
ቀዳሁ። ሲሞላ አገዘኝ፤ ከማሸከሙ በፊት ግን አንዴ ቆም አለና
የገንቦዬን ጭቃ በጉልበቱ ጠረገው። ልክ እንደዚያ። እንደገና።
ነግራው ይሁን፣ ወይም የቤታቸው ልማድ ይሁን፣
አልጠየቅኩም። እስካሁን።

ስወጣ መዝጊያውን ቀስ አድርጌ ዘጋሁ፣
ከውጭ ወደ ውጭ።