ሰሙ ላይ የቀረ ስም

ሊዬፓያ ነው፣ በጥር፣ ባልቲክ ባሕር ዳር፣
ነፋሱ በር በር ሲያንኳኳ፣ ሰው ከምድጃው ሲማከር።
የማሞቂያ ድርጅቱ ሰዎች ገብተው ሲያድሩ፣
የሌሊቱ ሠራተኛ አንድ ማሽን ነው፤
ሰዓት ማክበር ብቻ ነው ቁም ነገሩ።
ስምንት ሰዓት ሲሆን ቆጣሪ ያነባል፣
ስምንት ተኩል ላይ ሂሳብ ያሰላል፣
ዘጠኝ ላይ ያትማል።
አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላው አይነሳም፤
ሰልፍ ነው፣ የሚያስነጥስ እንኳ የለም።

ያኔ ቤቱ አንድ ብቻ ነበር፤
መሞከሪያውም እሱ፣ መኖሪያውም እሱ።
ኦያርስ አዲስ ነገር ሲያምረው እዚያው ላይ ይሞክራል፣
አውቶቡሱ ሳይቆም ጎማ እንደሚቀይር።
አንድ ማክሰኞ ማታ «ለሙከራ» ብሎ ሥራ ጻፈ፣
«አሥር ሰው ብቻ» የምትለዋን መስመር ረስቶ አለፈ።
ሌሊት ታዛዥ ነው። አልጠየቀም።
ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ደብዳቤ፦
«ውዝፍ አለብዎ። ዓርብ ማሞቂያዎ ይቋረጣል።»

ዜንታ የምትባል የሰማንያ አራት ዓመት ሴት፣
የአንድ ሳንቲም ዕዳ የሌለባት፣
ሳይዘጉባት በፊት ራሷ ዘጋችው።
ካፖርቷን ለብሳ ሁለት ሌሊት ተኛች፣
«ልልመደው» ብላ።

ይቅርታ ታተመ፤ በዚያው በር ወጣ።
የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም።
ኦያርስ ከዚያ ወዲያ «አስገባ» የምትለዋን ቁልፍ
እንደ ትኩስ ድስት በጣቱ ጫፍ ነው የሚነካት።

ቪዝማ «ሁለት ቤት ይሁን» አለች።
አንጥረኛ ሰሙን ሳይቀርጽ ወርቁን አያፈስም።
(ይህ የኔ አባባል ነው፤ የሷ ሦስት ቃል ብቻ ነበር።)
ሌላ ማሽን ገዝተው ምድር ቤት አኖሩ፣
ከእርጥበቱ እንዲተርፍ ጡብ ከሥሩ ደረደሩ።
ሌላ መዝገብ፣ ሌላ የይለፍ ቃል፤
ሰዓቱ ግን አንድ፣ የበዓላቱ ቀን አንድ፣
ማንም የማይሠራበት የሰኔው የዮሐንስ ሌሊት ሳይቀር።
የእውነቱ ገጽ ዙሪያው ቀይ፣ የሙከራው አረንጓዴ፣
ዓይን እንዳይሳሳት፣ እጅ እንዳይደፍር ባንዴ።
ገመዱን ነቀሉት ከማተሚያው ዕቃ፣
ቢጮህ እንዳይሰማ፣ ቢሳሳት ማንም እንዳይነቃ።
ከሙከራ ወደ እውነት መሻገሪያው ወረቀት ነው፤
ሁለት ሰው ይፈርማል፣ የጻፈው አይሆንም የሚያሻግረው።

ባዶ ቤት ግን አይፈተንም፤ ሰው ይፈልጋል።
ስለዚህ በመጋቢት፣ አንድ እሑድ፣ የከተማውን ስም በሙሉ
ከነቆጣሪው፣ ከነዕዳው፣ ቀድተው ወደ ምድር ቤት አወረዱ።
«ስሞቹን በኋላ እንሸፍናለን።»
በኋላ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

በሚያዝያ የቪዝማ አባት ሞተ።
በቀዩ ገጽ ላይ ውሉን የዘጋችው ራሷ ናት፤
ደንበኛ አራት ሺህ ሰባ አንድ፣ አበቃ።

በሰኔ፣ አንድ ሌሊት፣ አንዱ ሥራ ለምን እንደዘገየ ልታይ
አረንጓዴውን ስትከፍት፣
ታሊቫልዲስ፣ ጥድ ጎዳና፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ስምንት ሰዓት ላይ ቆጣሪው ይነበባል፣
ስምንት ተኩል ላይ ሂሳቡ ይሰላል፣
ሃያ ሁለት ዩሮ ከአርባ፤
ያው የመጋቢት ብርድ፣ በየሌሊቱ፣ እንደ አዲስ።
ወርቁ ሄዶ
ሰሙ ላይ ስሙ ቀረ።

ለማንም አልተናገረችም።
ሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ ሲርቃት
በስልኳ ገብታ የሥራውን ማለቅ ታይ ነበር።
«ተሳክቷል» ይላል።
አባቷን ሞቆታል ማለት ነው፣ ቢያንስ በመዝገብ።

ከዚያ ኦያርስ ወረቀቱን ይዞ መጣ፦
ስም የሚሸፍነው ሥራ ደርሷል፤
የሰው ስም ምድር ቤት ማደር የለበትም።
የጻፈው እሱ ነው። የምታሻግረው እሷ።
ብዕሩን ተቀበለች፣ ፈረመች፣ ከዚያ
«ሌሊት አይሁን» አለች፣
«ቀን፣ እኔ ባለሁበት፣ በእጄ ላስነሳው።»

ስድስት ሰዓት ላይ፣ ምሳ ሳትቀምስ፣ ነካችው።
አርባ ሰከንድ ፈጀ።
ዜንታም ቁጥር ሆነች፣ ኦያርስም ራሱ።
ፎቁ አልተለወጠም፤
ሃያ ሁለት ዩሮ ከአርባውም።
ያ ሥራ ለምን ይዘገይ እንደነበር
እስካሁን ያወቀ የለም።