«አልፎ አልፎ» ስንት ነው?

ቡዌናቬንቱራ፣ ዝናብ የማይጠግባት የወደብ ከተማ፤
ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ከጠመኔ መጋዘን፣ ከጠባቧ ጨለማ፣
ሁለት ወንበር አለኝ፣ አንድ የተቀረጸ እርሳስ፣
ሃያ ጥያቄ አለኝ፣ ደም የሌለው ቁስል የሚዳስስ።

ዬይነር ይባላል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤
ቤታቸው ከባሕሩ ላይ ነው፣ በእንጨት ምሰሶ የቆመው።
ሙላቱ በቀን ሁለቴ ከወለሉ ሥር ገብቶ ይወጣል፤
ልጁ ሰዓቱን ያውቃል።
ገና ሲገባ፣ ሳላዘው፣ ወንበሩን አዞረው፤
ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ ሰጠው።
ይህን የምሞላበት ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

«ምርጫው አራት ነው» አልኩት፣
«በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።»
«አልፎ አልፎ ስንት ነው?» አለኝ፣ እግሩን እያወዛወዘ።
ልቆጥርለት ጣቴን አነሳሁ፤ ጣቴ አየር ላይ ፈዘዘ።

«ሰው ሲመታ አይተሃል?» «አላየሁም።»
«ሲተኮስስ?» «አላየሁም።» «ሰው ሲወስዱ?» «አላየሁም።»
እርሳሴ ዜሮ ይጽፋል፤ ዜሮ መጻፍ አያደክምም።

መመሪያው እንደሚለው፣ ባዶ ድምር ደኅና ነው፤
«ሂድ፣ ጨርሰናል» አልኩት፣ ቀጣዩን ልጅ ልጠራው።
ከበሩ ሲደርስ ቆመና፣
«መስማት ይቆጠራል?» አለኝ፣ ድምፁ ቀጠነና።

ቆርቆሮው ሲንኳኳ፣ ዝናብ ይሁን ሌላ ነገር ለመለየት፣
አክስቱ ፓስቶራ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ከዚያ ትጥለዋለች መሬት፤
ሆዱ ከጣውላው፣ መዳፏ ከዓይኑ።
አላየሁም ያለው ለዚህ ነው፤ አልዋሸም ሕፃኑ።
ግን በጣቶቿ መሐል፣ በጣውላው ስንጥቅ በኩል
ውሃው ይታያል፤
አንድ ጫማ መጥቶ ነበር፣ ክሩ እንደታሰረ፤
ሙላቱ ሲሸሽ ሄደ፤ ሲመለስ አብሮ መጣ፤ እዚያው ሥራቸው አደረ።
የማን እንደሆነ ያውቃል። አልጠየቅኩትም።
ቅጹ ስለ ጫማ አይጠይቅም።

ላጲስ ፈለግሁ። ዜሮውን ስፍቅ፣ ስፍቅ፣ ወረቀቱ ተበሳ፤
ልጁ በቀዳዳው አየኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው ቅንድቡን አነሳ፦
«አንቺንስ ማን ጠየቀሽ?»

እኔም ያው ነኝ፣ ከዚያው መንደር፣ ከዚያው ውሃ በላይ፤
ስተኛ ጆሮዬ አይተኛም፤ ያድራል ጣሪያው ላይ።

ደወሉ ጮኸ። ሁለታችንም ደነገጥን፤
ከዚያ፣ መደንገጣችንን ስንተያይ፣ ትንሽ ሳቅን።
እርሳሱን ሰጠሁት።
ወንበሩን ከጎኔ አስጠጋ፣ ፊቱን አሁንም ወደ በሩ አድርጎ፤
«ጥያቄ አንድ» አለኝ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።