ለጋ ጭስ

ማናማ፣ ጁፌር ሰፈር፣ ከሌሊቱ ስምንት ተኩል፣
የመጨረሻው እንግዳ ከፍሎ ከወንበሩ ሲነቀል፣
ኩሪየን በሩን ቀርቅሮ፣ መብራቱን በግማሽ ቀንሶ
ከጓዳ ጠርሙስ ይዞ መጣ፣ እንደ አራስ ፎጣ አልብሶ።

«ነገ ዝርዝሩ ላይ ይገባል። ነጠላ ብቅል ነው፣ ጭሱ የበረታ፣
ዕድሜው ገና አምስት። ቃል ስጡኝ» አለ፣ «ለእያንዳንዱ ጠብታ።»

መልኩ ፈዛዛ፤ ገለባ ያደረበት ውሃ፣
ለዓይን ለብቻው ቢተው፣ የዋህ ነው፣ ምስኪን፣ ድሃ።
አፍንጫዬን ሳስጠጋ ግን፣ ገና ከብርጭቆው አፍ ሳልደርስ፣
ተነሣብኝ፦
ጭስ።

ማሪቴስ «የጀልባ ገመድ» አለች፣ «ቅጥራን ጠጥቶ የራሰ»፤
ሱጃን ፊቱን አጨማዶ፣ «አዮዲን፣ ቁስል ላይ የፈሰሰ»።
ኩሪየን ሁሉንም ጻፈ። ወደ እኔ ዞረ።
ቃሉ ነበረኝ፤ እንግሊዝኛው ነበር ያልነበረ።

ኩበት እንዴት ይባላል? የክረምት ኩበት፣ ውስጡ ያልደረቀ፣
እሳት አልይዝ ብሎ ጓዳውን ሙሉ ያስጨነቀ?
በወይራ የታጠነ ጋን፣ ክዳኑ ገና ሲነሣ
የሚወጣው ያ ትንፋሽ፣ ግማሹ ጣፋጭ፣ ግማሹ አበሳ?

ኩሪየን ስለ መዳቡ ጋን ሲያስረዳ፣ በጣቱ አየር ላይ ሲስል፣
ብቅሉ ረግረግ አፈር ነዶለት በጭስ እንዴት እንደሚበስል፣
ትነቱ ወጥቶ፣ በርዶ፣ ጠብ ጠብ እንደሚል፣
ዝም አልኩ።
እኔ የአርሲ ነገሌዋ፣ የአረቄ አውጪዋ የሸጊቱ ልጅ ነኝ፤
ድፍድፍ መድረሱ በድምፁ፣ ሳይከፈት የሚገባኝ።
የሸምበቆውን ስንጥቅ በሊጥ ስመርግ ነው ያደግሁት፣
ተራውን ከዳግሙ በመዳፌ አሽቼ ነው የለየሁት።

እናቴ አትጠጣም። አንድ ጠብታ መዳፏ ላይ ታፈሳለች፣
ታሻለች፣
እስኪደርቅ ትጠብቃለች፣
የቀረውን ታሸታለች።
«ስካሩ ቀድሞ ይሄዳል፤ እውነቱ ከኋላ ነው» ትላለች።

እኔም ጣቴን ነክሬ መዳፌን አሸሁ። ከዚያ ጠጣሁ።

አፍ ላይ ጎረምሳ ነው፤ በር ሳያንኳኳ የሚገባ፣
ትከሻው ከአንገቱ ቀድሞ፣ ከሸሚዙ የማይገባ።
ከሥሩ የገብስ እሸት ጣፋጭ፣ ትንሽ፣ የሚያፍር፣
ከላዩ አመድ፤ አመዱ ላይ ጨው፤ ጨዉን የሚቧጥጥ የሎሚ ጥፍር።
ሁለት ጠብታ ውሃ ጨመርኩለት፤ እንደ ተመከረ ልጅ ዝም አለ፣
ለአፍታ። ከዚያ ጭሱ ተነሥቶ «እኔ ግን» አለ።

«አንቺስ?» አለኝ ኩሪየን፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሊመልስ።
«ወጥ ቤት» አልኩት። «ክረምት ነው፤ ጣራው ያፈስ፤
በሩ ተዘግቷል፣ እሳቱ ሞቷል፣ የቀረው ጭስ።»
ጥቂት አሰበና «የሽርሽር እሳት» ብሎ ጻፈልኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።
ባሕሩ ከመስኮቱ ውጭ ንጋት ላይ እንኳ ላቡን አልጠረገም።
ሾፌሩ አዛን ሰምቶ ሬዲዮኑን ዝቅ ሲያደርግ
መዳፌን ወደ አፍንጫዬ፣ በስርቆት፣ ጠጋ።
ስካሩ ሄዷል።
ሌላው አለ።

ደወልኩላት። ጋኑ ከተጣደ ቆይቷል፣ ያስላታል።
ብቅሉን ነገርኳት፣ ጭሱን፣ የሚተኛበትን የእንጨት በርሜል፤
«ለጋ ነው ይሉታል» አልኩ፣ «አምስት ዓመት ምን አላት?» እንደማለት።
«ስንት?»
«አምስት።»
«አምስት ዓመት ሙሉ፣ ሳይሸጥ? የኛ እኮ ቅዳሜን አይሻገርም!»
ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ። ሳሉ እስኪያልፍላት ጠበቅሁ።

«አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ በይኛ» አለች፣ ቀስ ብላ።
ሸምበቆው ጠብ ሲል በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«ደግሞ» አለች፣
«ሰዎቹ ዕዳ የለባቸውም እንዴ?»