ሦስት ሳጥን

ሦስት ባዶ ሳጥን፣ አንድ የፊርማ መስመር፤
ነገ ሐሙስ ነው፣ ቅጹ ይመለሳል።
ሻርጃ፣ ከሮላ ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ
የኤሲው ጠብታ ባልዲ ውስጥ ይቆጥራል፤
ሙንተሃ አትቆጥርም። እርሳስ ታኝካለች።
እኔም በጥቁር ጨርቅ፣ በነጭ ጠመኔ
የሰው ዓባያ ላይ ክንድ እለካለሁ፣
አንድ ዓይኔ ከመርፌው፣ ከቅጹ አንድ ዓይኔ።

የመጀመሪያው ሳጥን የንግድ ሂሳብ ነው፤
ወለድ፣ ትርፍ፣ ኪሳራ፣ የምንዛሪ ዋጋ።
«ይሄን አውቀዋለሁ» አልኳት፣ «ይሄን ያዢ፣
ደመወዝ ያለበት፣ ለሥራ የተጠጋ።»
እኔ ያለ ደብተር፣ በወር መጨረሻ
ድርሃም ወደ ብር በልቤ ስመታ፣
የሐዋላው መስኮት ማሽኑ ሳይጨርስ
መልሱን እነግራለሁ ለኬረላው ጌታ።
ልጄ ግን ሳቀችብኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል፤
«ምን ያደርጋል» አለች፣ «ሁለት መንዛሪ ለአንድ ክፍል?»

ሁለተኛው ሳጥን፣ ካልኩለስ ይሉታል።
መፈተኛው ብቻ ስድስት መቶ ድርሃም፤
ስንት እጅጌ ነው? ስንት ቁልፍ? ስንት ጠርዝ?
ልቤ አሰላው፣ አፌ ግን አልተናገረም።
ሱዳናዊው ኡስታዝ ቀልድ ይወዳል አሉ፤
«ስምሽ ራሱ ሊሚት ነው» ብሏታል አንድ ቀን፣
«ሙንተሃ፦ የመጨረሻው ዳር።
የሚጠጉት፣ የሚጠጉት፣ የማይነኩት ድንበር።»
ሳቅኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኢቃማ ሳሳድስ፣
«ዘንድሮ እገባለሁ፣ ካልሆነም ለከርሞ» ስል
ይህንን ትምህርት ሳልመዘገብ
ጨርሼው የለም ወይ?

ከዚያ ጠርዙ ደረሰ። የደንበኛዬ ዓባያ
እንደ ጃንጥላ ነው፣ ከታች ክብ፣ ሰፊ።
«ስንት ሜትር ይፈጃል?» አለችኝ።
«በዓይን ነው።»
«በዓይንማ አይሆንም።»
«እሺ፣ ነይ፤ እይና ጻፊ፦
ክቡን አትፍሪው፤ በጣት በጣት ከፋፍይው፣
እያንዳንዷ ጣት ቀጥ ያለች ትመስላለች፤
ጣቷን ስታሳንሺ፣ ደግሞ ስታሳንሺ፣
ከክቡ ጋር ያላት ጠብ እየቀለለ፣ ትታረቃለች።»
እርሳሷን ከአፏ አወጣች።
«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ካልኩለስ እኮ ይሄ ነው።»

እኔ! ስምንተኛን ከመንፈቅ ያቋረጥኩት!
ኮምቦልቻ፣ ሂሳብ፣ ሠላሳ አራት ከመቶ፣
በቀይ የተከበበ!
እንዴት ያለ ኩራት ነው፣ ከየት ነው የመጣው!
ስድስት መቶው ድርሃም ወዲያው ረከሰብኝ።
«ሁለተኛውን ሙዪ!» ብዬ ፈረምኩላት፣
ሳጥኑን ለእሷ ትቼ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ጠዋት አውቶቡሱ ጥሩንባ ሳይነፋ
ቅጹን ከሻይ ብርጭቆው ሥር አየሁት።
ምልክቱ ሦስተኛው ላይ ነው።
ስታቲስቲክስ። ማታ ማናችንም ያላነሳነው።
«ምነው?» አልኳት፣ ጫማዋን ስታስር።
«የአንቺን ካልኩለስ እጅሽ ይዞታል።
ከሐርቡ፣ ካንቺ ጋር፣ በዚያ አውቶቡስ
ስንት ሴቶች ተሳፈራችሁ?»
«ብዙ ነበርን።»
«ስንት?»
«እንጃ… ብዙ።»
«ስንቶቹ ተመለሱ? በእግራቸው ማለቴ ነው።»
ሻዩን አማሰልኩ፣ ስኳር ሳልጨምር።
«አየሽ» አለች፣ «ብዙ ቁጥር አይደለም።»
ቦርሳዋን አነገተች። በሩ ከኋላዋ በቀስታ ገጠመ።

ዓባያውን ዘረጋሁ። ጠመኔዬን ይዤ
በጥቁሩ ጨርቅ ላይ መስመር በመስመር ጣልኩ፦
ለዘምዘም አንድ። ለጦይባ አንድ።
ለከዲጃ፣ ለታናሽ እህቷም።
ለራሴ አንድ፣ አመንትቼ።
አሥራ አንደኛዋ ላይ ስሟ ጠፋኝ፤
በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው፣ ቀይ ሻርፕ የነበራት፣
ብርቱካን የላጠችልን።

ደንበኛዋ በአሥር ሰዓት ትመጣለች።
ጠመኔ በእጅ ይራገፋል፣ ቀላል ነው።
ገና አላራገፍኩትም።