የጳጉሜ ደሞዝ

ለባለ ደሞዙ ጳጉሜ ወር አይደለም፣
ኪራይ አይቆጠር፣ ክፍያውም የለም፤
ከነሐሴ ተርፋ እጅ ላይ የቀረች
አምስት ቀን ምርቃት፣ ዝናብ ያረገዘች።

ለኛ ግን ወር ማለት እሷው ናት፤
የሐምሌው ዱቤ፣ የልጅ መመዝገቢያ፣
በመያዣነት የከረመው ቤዜ
የሚፈታባት።

ጳጉሜ አንድ ለገሃር፣ የመሥሪያ ቤት ድግስ፤
ዘጠኝ ንግግር ሰማን ለኛ ተራ እስኪደርስ።
ጳጉሜ ሁለት ሜክሲኮ። ሰው አልመጣም።
ለአስተናጋጆቹ ተጫወትን፤ አንዷ ትሪዋን አስቀምጣ እስክስታ ወረደች።

ሦስተኛው ሩፋኤል። ሰማይ ተዘረገፈ።
ሕፃናት ጠብታውን በአፋቸው ሲቀበሉ
እኛ ቸርችል ላይ ታክሲ እንለምናለን፤ ዕቃ አንጭንም አሉ።
የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው ይሉታል፤
አምፕሊፋየር ግን ሲጠመቅ ይሞታል።
ናሁሰናይ ጃኬቱን ለኪቦርዱ አለበሰ፣
እሱ በሸሚዝ ቆሞ እስከ አጥንቱ ራሰ።
«እኔን ጤና ጣቢያው በካርድ ያየኛል፤
እሱ ቢታመምብኝ በዶላር ያስከፍለኛል።»

ዋዜማ።
ካዛንችስ እስከ አራት፣ ከዚያ ወደ ፒያሳ።
አምና የተጫወትንበት ቤት የለም፤ ቦታው ላይ የቆርቆሮ አጥር ቆሟል።
ዘንድሮ ፎቅ ላይ ነን፣ ስድስተኛ፤
ሊፍቱ «ለዕቃ አይፈቀድም» ይላል፤ ስፒከሩን በትከሻ።
ትርሲት ጉሮሮዋን በማርና በዝንጅብል ጠጋግና መጣች።
የለጠፉት ብር ከግንባሯ አልወደቀም፤
ላቡ የትኩሳት መሆኑን ማንም አላወቀም።
ቤዝ ግንባር የለውም፣ ከሆድ ነው የሚወጣ፤
ለሆድ ደግሞ እስከ ዛሬ ሽልማት አልመጣ።

ለስድስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀር
መብራት ሄደ።
የኪቦርዱ ቃል አፉ ላይ ቀረ፣ ማይኩ ሞተ፣
ጀነሬተሩ አንዴ አስሎ ተወ።
ዘርጋው ብቻ ድራሙን አልለቀቀም፤ ሰዉ በጭብጨባ ገባለት፣
ትርሲት በዛገው ድምጿ፣ ያለ ገመድ፣
በጠረጴዛዎቹ መሃል እየዳበሰች ዘፈነች።
እኔም አልቆምኩም።
ጣቶቼ በጨለማ መንገዳቸውን ያውቃሉ፤
ኮረንቲ የሌለው ቤዝ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰማል፣
ደረቱን ላስጠጋው።
አዲሱ ዓመት እንዲህ ገባ፤
ማን እንደሳመ፣ ማን እንደተሳመ ሳይታይ።

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ከማእድ ቤቱ ጀርባ፣
ሥራ አስኪያጁ ፖስታ ሰጠን፣ ሳሳ ያለ።
«መብራት የጠፋበትን አርባ ደቂቃ ቀንሼ ነው» አለ።
ጨለማም በሰዓት ይታሰባል ለካ!
«ድራም ኮረንቲ አይበላም!» ዘርጋው ጮኸ ጮኸና
ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ጥምቀት አለ፣ ይህ ሰው ይፈልገናል፣ ገና።

ሲነጋ በእግሬ ሄድኩ ወደ አራት ኪሎ፣ ቤዙን አዝዬ።
ከአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ሦስት ሴት ልጆች፣
አደዩን መሬት አስቀምጠው
የረጠቡ አሥር ብሮች ይቆጥራሉ።
ትንሿ ቢጫ ጀሪካን ታቅፋለች፤ ከበሮዋ ነው።
«እኔ ነኝ ኮ የመታሁት!»
«አልዘፈንሽማ!» ትላለች ትልቋ፣ ጣቷን በምራቅ እያራሰች።

ቆምኩ። የሥራ ባልደረቦቼ።
«ጋሼ፣ እንዝፈንልዎት?»
«ዝፈኑ» አልኩ። ቤዙን ሳላወርድ እስከ መጨረሻው ሰማሁ፣
ጀሪካኑን ብቻ።
ከፖስታው መቶ ብር መዘዝኩና፣ ጎንበስ ብዬ
ትንሿ ግንባር ላይ ለጠፍኩት፤
ካፊያው ነው ያጣበቀው።

ትልቋ እጇን ዘረጋች።
«ይሄም» አለች፣ «ይካፈላል።»