ስሙ ማነው?

አምባሳደር አጥር ሥር፣ ጋሽ ሽብሩ ላስቲክ ዘርግቶ፣
የኬሚስትሪ መልመጃ፣ የመንጃ ፈቃድ ጥያቄ፣ የሕልም ፍቺ ደርድሮ አብዝቶ፣
ከመሀል ብቅ አለች ያቺ ባለ ሦስት ጥላ ቀበሮ፤
ቆምኩ። ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ሲያደነቁር ጆሮ።
«ስንት ነው?» ስለው፣ ቀና ሳይል፣ «ላንቺ መቶ ሃምሳ» አለ፤
ልከራከር አሰብኩ፤ አፌ ግን እንደ ልጅ ተንተባተበ፣ ዋለለ።

«የጤዛ መንግሥት»፣ ስድስት ቅጽ። መጀመሪያ ያነበብኩት ፒያሳ ነው፣
ከዶሮ ማነቂያ ከፍ ብሎ፣ የእንጨት ደረጃው ሲረግጡት በሚያቃስተው
ሰው ቤት። መጽሐፉ የሱራፌል፣ የቤቱ ልጅ፤ እኔ የሠራተኛዋ ነኝ፤
ሽንኩርት ልጬ ስጨርስ፣ ከማድቤቱ በር ኋላ፣ ጀሪካን ላይ ነው የሚያገኙኝ።
«እጅሽን ታጠቢ» ብለው ነበር የሚያውሱኝ። ይሄኛው የሌላ ሰው ቅጂ ነው፤
ግን ስገልጠው ሽንኩርት ሽንኩርት ይለኛል፤ ከየት እንደሚመጣ እኔ ምን አውቄው።

ሰጥቶኛል፣ አልክድም። «ጭጋግ» የሚለውን ቃል ያወቅሁት ከሱ ነው።
ሉል የጤዛ ዘውድ ስትደፋ፣ እኔም ፎጣ ጠምጥሜ ደፍቻለሁ፤
ቀበሮዋ አንዱን ጥላዋን የሸጠች ለት፣ እራት እምቢ ብያለሁ።
ቸርችል ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ዝናብ ያቆረው ውኃ ሁሉ መስሎኝ በር፣
በሁለት እግሬ ዘልዬ ገባሁ፤
ያተረፍኩት እርጥብ ካልሲና ኩርኩም ነበር።

አሁን በየደመወዙ አንድ አንድ እየገዛሁ፣ ለልጄ አነብላታለሁ፤
ግንፍሌ፣ አራተኛ ፎቅ፤ መብራት ሲሄድ የስልኬን ባትሪ አበራለሁ።
እና አሁን ነው የማየው። በዚያ ሁሉ ድግስ፣ በዚያ ሁሉ ግብር፣
ሳህን የሚያጥብ የለም፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ወሬው አይነገር።
ቆላ የተወለደ ሁሉ ሌባ፣ ደጋ የተወለደ ሁሉ ጀግና፤
የአጎትየው ቀልድ ደግሞ፣ ቅጽ ሁለት ላይ ያሳቀኝ፣ አምስተኛው ላይ መጣ እንደገና።

አራተኛው ቅጽ ላይ፣ ኩራዝ ያዡ ልጅ ዋሻው ውስጥ ይሞታል፤
በግማሽ ገጽ። ሉል ኩራዙን አንሥታ «ወደፊት!» ስትል፣ ምዕራፉ ይዘጋል።
ዘልዬው ነበር። ልጄ ግን ቁጥር ላይ ንቁ ናት፤
«ሰማንያ ሁለት የት ሄደ?» አለች፤ ተመልሼ አነበብኩላት።
ዝም አለች።
«ስሙ ማነው?»
ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ እስከ ቅጽ አንድ። «ና፣ ኩራዝ ያዡ»፣ «ሂድ፣ ኩራዝ ያዡ»፤
በቃ ይኸው ነው።
«አልተጻፈም» አልኳት።
«ረስተውት ነው?»

የእናቴ ስም አስካለ ነው። ያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት «ማሚቴ» ብሏታል፤
ሱራፌልም ብሏታል። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ቅጽ ሦስትን ለልደቴ ሰጥቶኛል፣
ልደቴን ማን እንደ ነገረው እንጃ።
እሷ ድስት ስትፈትግ፣ እኔ አጠገቧ ሉልን እየሆንኩ አደግሁ፤
አንድ ቀን እንኳ ኩራዝ ያዡን አልሆንኩም፤ ለቀበሮ ጥላ ጾሜ፣
ለሱ ግን እራቴን በላሁ።
ደራሲውን ነው እምቀየመው? እኔን ነው?
ቤቱን እንዳልጠይቅ ፈርሷል፤ ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው።

ቅዳሜ ጋሽ ሽብሩ ዘንድ ተመለስኩ፤ «ስድስተኛው አለ?»
ሳቀ። «እሱማ ሞልቷል፤ ያነበበው ሁሉ ተናዶ እየሸጠው፣ እዚህ ተከማችቶ ዋለ።»
እውነቱን ነው። ያ ሁሉ መንገድ ሕልም ነበር ብሎ ነው የሚያበቃው፤
ሰው እንዲህ ይቀሰቀሳል? እያልኩ፣ ሳልከራከር ከፈልኩ፣ የጠየቀኝን ነው።
ልጄ ቤት ሆና ለኩራዝ ያዡ ስም ታወጣለች፤ ሰባት ሞክራ አንዱም አልሆነላት፤
እኔ ታክሲ ውስጥ፣ ጥግ ይዤ፣ ከጨረሻው ምዕራፍ ጀመርኩት።
ያው ነው። አሁንም ያናድዳል።
«ወራጅ አለ» ማለት ረስቼ፣
ቀበና ደረስኩ።